ጥሩ ናት፣ ግን ማን ይመርጣታል

አብዱልፈታሕ ጫቱን በጉንጩ ይዞ ሲናገር ከአፉ ጥግ አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል። በመሀረብ አይጠርገውም። በአውራ ጣቱ ይጠርገውና ጣቱን ሱሪው ላይ ያብሰዋል፤ ከዚያ በዚያው እጁ ይጨብጠናል። ሌሎቹ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሴት አይጨብጡም፤ እሱ ይጨብጣል፣ ቶሎም አይለቅም። አስራ አንድ ዓመት በዚያ እጅ ተጨብጬ፣ አስራ አንድ ዓመት ቤቴ ስገባ መጀመሪያ እጄን በሳሙና ስታጠብ ኖሬአለሁ። እጄን አለመስጠት አንድ ቀን እንኳ በሃሳቤ አልመጣም።

ፊቱ ስንቆም ሁላችንም «እርስዎ» እንለዋለን። እዚህ ግን «እሱ» ብዬ ነው የምጽፈው። እሱም ይበዛበታል።

እኛ ቡና ለቃሚዎች ነን። ከአጋሮ፣ ከየቡ እና ከሊሙ የሚመጣው ቡና ተፈልፍሎ በጆንያ ሲደርስ መጋዘኑ ውስጥ ፊታችን ይፈሳል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን እየለቀምን እናወጣለን። መቶ ሃያ አንድ ሴቶች ነን፤ ማህበርም አለን። ማህበሩ የሴቶች ነው፣ ሊቀመንበሩ ግን ወንድ ነው። ድሮ የመጋዘኑ ሚዛን ሠራተኛ የነበረው አብዱልፈታሕ ነው። ማህበሩ ሲቋቋም የመጋዘኑ ሰዎች «ከሴት ጋር ጭቅጭቅ አንችልም፣ የምናናግረው ወንድ አምጡ» አሉ። እኛም አመጣን።

የሱ ሥልጣን የመቀመጫ ሥልጣን ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ብርሃንና አየር ታገኛለች። ከኋላ የተቀመጠች የገለባውን ብናኝ ስትስብ ትውላለች፣ በአንዲት አምፖል ዓይኗን ትጨርሳለች። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ደግሞ አንድ ሕግ አለው፦ ከሦስት ቀን በላይ የቀረች ሴት ቦታዋን ታጣለች። ብትታመምም፣ ብትወልድም፣ ሐዘን ብትቀመጥም።

ጎረቤቴ አደ ዙቤይዳ፣ ትልልቅ ሴቶችን «አደ» ነው የምንለው፣ በሩ አጠገብ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። በቾ ቦሬ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ነን፤ ሌሊት ሲያስሉ እኔ ቤት ይሰማል። ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታሞ አንድ ሳምንት ቀሩ። ሲመለሱ አብዱልፈታሕ ቦታቸውን ሊመልስላቸው ከሁላችን ፊት አቆማቸውና «በመቅረቴ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አሰኛቸው። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላቸውን ሴትዮ ስለታመሙ ይቅርታ አስጠየቃቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሳል ያቋርጣቸዋል፤ እሱ ደግሞ ጫቱን እያላመጠ «እንደገና፣ አልተሰማም» ይላል። ሁላችንም ቡናችን ላይ አቀርቅረን ነበር።

ከሁላችን ቀና ያለችው ልጄ ሳቢሃ ብቻ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ፖለቲካ ነው የምትማረው። ክፍል በሌላት ቀን ከኔ ጋር ትለቅማለች፤ የማህበሩም አባል ናት። የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብተን ጫማዋን ሳታወልቅ «ኡሚ፣ ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ» አለችኝ።

«ያ ረቢ! ትምህርትሽስ?»

«ትምህርቴ ይሄው ነው።»

ሦስት ነገር ነው የያዘችው፦ የታመመችና የወለደች ሴት ቦታዋን አታጣም፣ መቀመጫው በየሳምንቱ በተራ ይዞራል፣ ሊቀመንበር ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም። እኔ ሦስቱንም ወደድኳቸው። ወድጄም ፈራሁ።

ስለ ጽሕፈቴም እዚህ መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ሳቢሃ ቅዳሜ ከሰዓት በመጋዘኑ ጥላ ሥር አስራ አንድ ሴቶችን ማስተማር ጀመረች። አንዷ እኔ ነኝ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ። ሌሎቹ የደብተር መስመር ላይ ነው የለመዱት። እኔ ግን ማታ ማታ ቤት ውስጥ ባሮጌ ካሌንደር ጀርባ እለማመድ ነበር። መስመር ስለሌለው ፊደሎቼ እንደ ፍየል ወደ ላይ ይወጡብኛል። ሳቢሃ መታወቂያዬን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ በጠርዙ መስመር አሰመረችልኝና «ኡሚ፣ መጀመሪያ መሬቱን፣ ከዚያ ቤቱን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መታወቂያዬን ሳላስደግፍ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። የባጃጅ ሹፌር ስልክ ቁጥር ስይዝ እንኳ መጀመሪያ መስመር አሰምራለሁ።

አንድ እሁድ እኔ መስመሬን እያሰመርኩ፣ እሷ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ትለማመዳለች። ስለ እንግሊዝ አገር ምርጫ ነው።

«ኡሚ ስሚኝ። እዚያ አገር ድሮ ሠራተኛው ለአንዱ፣ ባለሀብቱ ለሌላው ነበር የሚመርጠው። አሁን ግን ሰውን የሚለየው ዕድሜ ሆኗል። ወጣቱ ወደ ግራ፣ ሽማግሌው ወደ ቀኝ።»

«ግራ ማለት ምንድን ነው? በግራ እጅ የሚበሉ ናቸው?»

እስክትደክም ሳቀች። «ሐኪም ቤቱም ትምህርት ቤቱም የሁሉም ይሁን፣ ቤት የሌለው ቤት ያግኝ የሚሉት ናቸው።»

«ታዲያ ይሄን ማን ይጠላል?»

«እሱ ነው ነገሩ። ብዙው አይጠላውም። በየነገሩ ለየብቻ ስትጠይቂው ‹ጥሩ ነው› ይላል። ‹ትመርጣለህ ወይ?› ስትይው ‹እኔ እንኳ እመርጥ ነበር፣ ሌላው ሰው ግን አይመርጣቸውም› ይላል። አስተማሪያችን ደግሞ ሽማግሌዎቹን አትናቁ ይለናል። ብዙ ቃል ሲገባ ሰምተዋል፣ ብዙም ሲፈርስ አይተዋል፤ ያላቸውን እንዳያጡ ይፈራሉ። አንዳንዶቹም እውነት የግራዎቹን መሪ አላመኑትም።»

«እና ተሸነፉ?»

«የዛሬ ጥቂት ዓመት ክፉኛ ተሸነፉ።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ይዤ የቀረሁት ይህችን አንዷን ቃል ነበር። ተሸነፉ።

መጋዘኑ ውስጥ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች በሙሉ ከሳቢሃ ጋር ናቸው። ስልካቸው ላይ ቡድን ከፍተው «ተራው ይዙር» እያሉ ይለጥፋሉ፤ አብዱልፈታሕ ሲያልፍ «ፋራው መጣ» ይባባላሉ። የኛ ረድፍ ደግሞ፣ የትልልቆቹ፣ እጁ ይለቅማል አፉ ያወራል።

«ልጅሽ እውነቷን ነው» አለችኝ ሰናይት። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፣ ምላሷ ከመቀስ ይብሳል። «ያ ጫት አላማጭ ግመል በየሳምንቱ ተጠግቶ ከሚያሸተኝ ከኋላ ገለባ ብበላ ይሻለኛል። ግን ማን ይመርጣታል?»

«አንቺ አትመርጫትም?»

«እኔማ! እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? እነዚህን እያቸው እስቲ፣» አለችና በአገጯ ረድፉን አሳየችኝ። «እነዚህ ናቸው ለሃያ ዓመት ልጅ እጃቸውን የሚያወጡት?»

አደ ዙቤይዳ ሰምተውናል። «ፈትያ፣ ልጅሽን እወዳታለሁ፣ ወላሂ። ቀና ብላ ፊቴን የተመለከተችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን ይሄን ‹እኩል፣ እኩል› የሚባል ነገር እኔ በደርግ ጊዜ ጠግቤዋለሁ። የዛሬዋ ሳቢሃ ያህል ነበርኩ። ቀበሌ ሰብስበው ሁላችሁም እኩል ናችሁ አሉን። በማግስቱ ስኳር ተራ ስንቆም የሊቀመንበሩ ሚስት ከፊት ናት።»

«ታዲያ አሁን ከፊት ያለው ማነው፣ አደ ዙቤይዳ?»

«እሱማ እሱ ነው።» አሳሉ። «ቢያንስ እሱን እናውቀዋለን። ደግሞስ የማትመረጥ ልጅ መርጠን ዓይኑ ውስጥ ልንገባ ነው? ማሎ!»

አምስት ሴቶች ነበርን። አምስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ስለ አብዱልፈታሕ አንዲት መልካም ቃል የተናገረች የለችም። አንዷም «እሱ ይሻላል» አላለችም። የሁሉም ቃል አንድ ነበር፦ ጥሩ ናት፣ ግን ማን ይመርጣታል።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ምርጫችን በመቆም ነበር። አብዱልፈታሕ አንድ ጥግ ይቆማል፤ የሚመርጠው ከኋላው ይሰለፋል። ሌላው ጥግ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሳቢሃና ጓደኞቿ ሁለት ወር ተመላልሰው ምርጫው በወረቀት፣ በምስጢር እንዲሆን አስወሰኑ። ታዛቢም ከማህበራት ቢሮ እንዲመጣ። መጻፍ የምትችል ስም ትጽፋለች፤ የማትችል ለአብዱልፈታሕ ክብ፣ ለሳቢሃ ቅጠል ትስላለች። ያን ቅዳሜ ትምህርቱ ላይ ዓይኗ እያበራ «አሁን ማንም አያያችሁም። ፊደል የተማራችሁት ለዚህ ነው» አለችን። አስራ አንዳችንም እንደ ሕፃን አጨበጨብንላት።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ነገሩ ሳይደርስ ደርሶ ይታየኛል። ሳቢሃ ስትሸነፍ ይታየኛል። አብዱልፈታሕ ከማህበሩ ሲያስወጣት፣ የትምህርቷ ነገር ሲቀር፣ እኔም ከኋላ ስወረወር ይታየኛል። መሸነፏ እንደሆነ አይቀርም ብዬ ደመደምኩ። ከተሸነፈች በኋላ የሚለምንላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ደግሞ እሱን የመረጠ ሰው መሆን አለበት። እናት ነኝ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሳስበው ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው አንድ ኪሎ ማር ይዤ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተጋድሟል። ማሩን ተቀብሎ ክዳኑን ከፈተና ያንን አውራ ጣቱን ነክሮ ላሰው። ከዚያ እንደገና ነከረው።

«የጫካ ነው?»

«አዎ፣ የጫካ ነው ኦቦ አብዱልፈታሕ።»

«ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ልጅቷ ልጅ ናት። አንደበቷ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ብትሸነፍ እንዳይቀየሟት ብዬ ነው።»

«ብትሸነፍ?» ሳቀ። አፉ ውስጥ ማሩና ጫቱ ሲቀላቀል አየሁት። «አንቺስ ማንን ነው የምትመርጪው?»

«እርስዎን ነው እንጂ።»

«ጎበዝ። አየሽ፣ ትልቅ ሰው ያስባል።» እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ማሩ መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ እጄን ከሰውነቴ አርቄ ይዤው ሄድኩ። ሳቢሃ በር ላይ «ኡሚ፣ እጅሽን ምን ነካሽው?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ያ ጠረን የማርም የጫትም አይደለም፤ ስሙን አላውቀውም።

እሁድ ጠዋት መጋዘኑ ግቢ ተሰበሰብን። ከቢሮ የመጣው ታዛቢ ከጆንያ መጋረጃ ሠርቶ ነበር። ከኋላው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ንጹህ ነጭ ወረቀት ነው፣ መስመር የለውም። እጄ ራሱ መታወቂያዬን ከጉያዬ አወጣ፤ አስደግፌ አሰመርኩ። እንዳለችኝ መጀመሪያ መሬቱን።

ከዚያ ቆምኩ። በሕይወቴ ማንም ሳያየኝ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። «ሳ» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶውን አስጠጋሁ። እናት ናት የልጇን ስም የማትጽፍ? ግን የሰናይት ድምፅ፣ የአደ ዙቤይዳ ድምፅ፣ የሁሉም ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የኔ አንድ ወረቀት አያድናትም፣ ቃሌን ከበላሁ ግን እሱ በሆነ መንገድ ያውቃል አልኩ። «አብዱልፈታሕ» ብዬ ጻፍኩ። ረጅም ስም ነው። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ያስተማረችኝ ጎበዝ ናት።

በሰፈራችን እድር የቆየ ልማድ አለ፤ የማህበሩም ድምፅ በዚያው እንዲቆጠር ተስማምተን ነበር። ተወዳዳሪ የራሱን ድምፅ አይነካም፤ የተፎካካሪውን ድምፅ ነው ራሱ ጮክ ብሎ የሚያነበው። እንዲህ ከሆነ የሚያጭበረብር አይኖርም፣ ተሸናፊውም ሽንፈቱን በገዛ አፉ ያምናል ይባላል። ይህን ልማድ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። መጋረጃው ውስጥ ሳለሁ ግን አልታወሰኝም፤ ወይም እንዳይታወሰኝ አድርጌ ይሆናል።

ታዛቢው ወረቀቶቹን ከፍቶ ለሁለት ለያቸው። አብዱልፈታሕ የሳቢሃን ያዘ። መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ ወረቀቱን አርቆ እየያዘ «ቅጠል... ቅጠል... ሳቢሃ» ይላል፣ ስሟ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን እየነፋ። ወጣቶቹ በየወረቀቱ ያጨበጭባሉ። ሃምሳ ሰባት ሆነ። ሰናይት ክርኔን ጎሰመችኝ። «ሃምሳ ሰባት! ይሄን ሁሉ ማን ሰጣት?»

ከዚያ ሳቢሃ ተነሳች። «ክብ። ክብ። አብዱልፈታሕ። ክብ። አብዱልፈታሕ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። በስም የተጻፉት ላይ ስትደርስ ትንሽ ቀስ ትላለች፤ የፊደሎቹን ቅርጽ ታውቃቸዋለችና። አስራ አንዳችንን እጃችንን ይዛ ነው ያስጻፈችን። ሠላሳዎቹ ውስጥ ስትገባ አንድ ወረቀት አነሳችና ትክ ብላ አየችው። ከስሙ በታች የተሰመረውን መስመር ከቦታዬ ሆኜ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። አውራ ጣቷን መስመሩ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው።

ወደኔ ታያለች ብዬ ጠበቅሁ። አላየችኝም።

«አብዱልፈታሕ» ብላ አነበበች። በዚያው ድምፅ። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችና ቀጣዩን አነሳች።

ስልሳ አራት ለሃምሳ ሰባት። አብዱልፈታሕ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው፣ ሳትነካው። ልጄ በሃያ አንድ ዓመቷ ያወቀችውን እኔ በአርባ ሰባት አላውቀውም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አደ ዙቤይዳ፣ ሰናይትና እኔ አብረን ነበርን። ሳቢሃ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መንደራ ቆጪ ሰፈር ሄዳለች።

«እኔ እኮ፣» አለች ሰናይት፣ «አስር ሰው ያህል ነው ይመርጣታል ያልኩት። አስር! እንደዚህ መሆኑን ባውቅ...»

«አንቺ እሱን ነው የመረጥሽው?» አልኳት።

«አንቺስ?»

መሬት መሬት አየሁ። ሰናይት ሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። «አንቺ? እናቷ?»

«እርስዎስ አደ ዙቤይዳ?» አልኳቸው፣ ነገሩን ከራሴ ላይ ለማዞር።

«እኔ ለማይሆን ነገር ድምፄን ከምጥል ብዬ...»

ሰናይት በጣቶቿ ቆጠረች። «እኛ ሦስት። እነዚያ አብረውን ራሳቸውን የነቀነቁት ሁለቱ ደግሞ እኛን ሰምተው ነው። ከኛ ረድፍ ብቻ አምስት። አምስቱ ወደዚያ ቢሄዱ ስልሳ ሁለት ለሃምሳ ዘጠኝ ነበር።» መንገዱ ላይ ተፋች። «ሱብሐነላህ ትላላችሁ፣ ክርስቲያኗ እኔም ልበል ዛሬ! እርስ በርሳችን ተፈራርተን ግመሉን አነገስነው።»

ጥላቻ ሲያድርብኝ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነበር። ያን ቀን የራሴ ጠረን ሸተተኝ።

ሳቢሃ ቤት ስትገባ ሰላም አለችኝ፣ ራት በላን፣ ደብተሯን ከፈተች። ብትጮህብኝ በወደድኩ። «ሳቢሃ...» ብዬ ስጀምር «ደክሞኛል ኡሚ» አለችኝ። በነጋታውም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ሰላምታ፣ ራት፣ ደብተር። ቅዳሜ ደርሶ ትምህርቱ ላይ መጣች፤ አስራ አንዳችንንም እንደ ወትሮው አስተማረች። ደብተር ስታርም የኔን ከሁሉም በፊት ጨረሰችው፣ ቶሎ ከእጇ እንዲወጣላት ይመስል።

በሁለተኛው ሳምንት አደ ዙቤይዳ ታመሙ። አራት ቀን ቀሩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አብዱልፈታሕ ጫቱን እያላመጠ በረድፋችን መሃል መጣ።

«ፈትያ፣ ነይ። እዚህ በሩ ጋ ተቀመጪ።»

«የአደ ዙቤይዳ ቦታ ነው።»

«ነበረ። ታማኝ ሰው ወደ ብርሃን ይጠጋል» አለ ሁሉም እየሰማው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሳቢሃ ከኋላ ተቀምጣለች። ወደዚያ መዞር አልቻልኩም።

ተቀመጥኩ። እውነቱን መጻፍ ካለብኝ ይሄው ነው፣ ተቀመጥኩ። አደ ዙቤይዳ ለወገባቸው ብለው ያጠፉት ጆንያ በርጩማው ላይ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ ጥሩ ነው። አየሩ ጥሩ ነው። ያን ቀን የለቀምኩት ቡና ከሁሉም ቀን ንጹህ ነበር፤ አንድ ጥቁር ፍሬ አላመለጠኝም። ሌሊት ግን በግድግዳው በኩል ሳላቸው ይሰማኛል። ባሳሉ ቁጥር ያ ጆንያ ከሥሬ ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ የማህበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከሰናይት ለመንኩ። አስራ አራት ገጽ ነው፣ ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አስራ አንድ ዓመት የተዳደርንበትን ነገር ከመካከላችን ያነበበችው ማን እንደሆነች እንጃ። አስራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት፦ ከአባላቱ ሲሶው ከፈረሙ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። ወደ አርባ አንድ ሰው ነው።

ወረቀት አወጣሁ። ስቸኩል መታወቂያዬን መፈለግ ረሳሁ፤ ዝም ብዬ ጻፍኩ። «አደ ዙቤይዳ ቦታቸው ይመለስላቸው። የታመመች ሴት ቦታዋን አትጣ። ይህን የምንወስንበት ስብሰባ ይጠራ።» ፊደሎቹ እንደ ድሮዬ ወደ ላይ ወጡ። ከታች የራሴን ስም ጽፌ ፈረምኩ። ጠዋት በሩ አጠገብ አልተቀመጥኩም። ጆንያውን አጥፌ በብብቴ ያዝኩና ወደ ድሮ ቦታዬ ሄድኩ። አብዱልፈታሕ በሩቁ አየኝ፤ ማላመጡን አቆመ።

ወረቀቱን መጀመሪያ ለሰናይት ሰጠኋት። ወረቀቱን ሳታይ «ማን ማን ፈርሟል?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«አንቺ ሁለተኛ ነሽ።»

«ኧረ ፈትያ! አስር ሰው ይሙላና አስራ አንደኛ አድርጊኝ። እኔ አልፈርምም አላልኩም እኮ!»

ቀጣይዋ «ወጣቶቹ ፈርመዋል?» አለችኝ። ወደ ወጣቶቹ ስሄድ አንዷ «ትልልቆቹ ሳይፈርሙ እኛማ አንፈርምም፤ ባለፈው ጉድ ሠርታችሁናል» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች። ትክክል ናት። እስከ ምሳ ድረስ አስራ ሰባት ሴት ጠየቅሁ። አስራ ሰባቱም ማን እንደፈረመ ጠየቁኝ። ምን ተጽፎበታል ያለች አንዲት የለችም።

ከሥራ ስወጣ አደ ዙቤይዳ ቤት ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ጆንያቸውን ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ደባበሱት። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩላቸው፣ ስለሳቸው የተጻፈውን፣ የገዛ ስማቸውን። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው።

«ቅጠል ይሳሉ፣ ስም ባይሆንም። ቅጠልም ይበቃል።»

እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። «ሌላ ማን ፈርሟል?»

ወረቀቱን ወደሳቸው አዞርኩት።

«አንቺ ብቻ?» እስክሪብቶውን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ሌሎቹ ሲፈርሙ ተመለሺ የኔ ልጅ። ኢንሻ አላህ። ብቻዬን ሆኜ ዓይኑ ውስጥ ብገባ ጨርሶ አይመልሰኝም።»

ልቆጣቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ያሉት ሁሉ የኔ ቃል ነው። ያ ቃል ዛሬ አልጋው ላይ በሳቸው ድምፅ ሲነገር ሰማሁት እንጂ፣ ያኔ መጋረጃው ውስጥ ከኔ ጋር ነበር። ወጥቼ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ተፋሁ፤ የአፌ ምሬት ግን አልወጣም።

ሳቢሃ ቤት ነበረች። ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ጓዳ ልገባ ስል «ምንድን ነው?» አለችኝ። ከምርጫው ወዲህ ከሰላምታ ሌላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ነው።

«አንብቢው።»

አነሳችው። ወደ ታች ወርዳ ስሞቹን አልቆጠረችም። ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ወደ ላይ የወጡትን ፊደሎቼን ተከትላ ራሷን ትንሽ አዘነበለች። ከስሜ በታች መስመር ትፈልግ እንደሆነ እንጃ፣ እዚያ ላይ ቆየች። ይቅር አልኩሽ አላለችኝም፣ እኔም ይቅር በይኝ አላልኳትም። እስክሪብቶዋን አነሳችና ከስሜ ሥር ስሟን ጻፈች።

ሁለት ሆንን። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራል።

«ነገ ከማን እንጀምር?» አለችኝ።

«ማን ፈረመ ሳትል ከምታነብ ሴት» አልኳት።